ለሪጅባክ ቡችላ ጥሬ ሥጋ መስጠት፦ ሳንባና ጉበት ከቄራ ላምጣለት ወይስ ይቅርብኝ?

የአራት ኪሎ ልጅ | ጥር 14፣ 2018

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እስካሁን አንባቢ ብቻ ነበርኩ። ዛሬ ጥያቄ ይዤ መጣሁ።

ዳሽን የሚባል ሪጅባክ ውሻ አለኝ። ወንድ ነው፣ ገና አራት ወሩ። መዳፉን ያየ ሁሉ «ይሄ ቡችላ ነው ወይስ ጥጃ?» ይለኛል። የሰጠኝ ሰው አንድ ነገር አጥብቆ ነግሮኛል፦ ጥሬ ሥጋ ብቻ ስጠው፣ እህል እንዳታስለምደው። ከውጭ የሚገባው ደረቅ ምግብ ዋጋው አልቀመስ ስላለ እኔም ሐሳቡን ወድጄዋለሁ።

ችግሩ ቤት ውስጥ ነው። አባቴ «ውሻ ትራፊ በልቶ ነው የሚያድገው፣ እኛ ስንቱን አሳድገናል» ይላል። እናቴ ሁዳዴ ከገባ በኋላ ፍሪጄ ውስጥ ሥጋ እንዳላይ ብላለች። ትንሿ እህቴ ደግሞ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ውሻውን አቅፋ ነው የምትውለው።

ቄራ አካባቢ የሚሠራ አንድ ልጅ ሳንባ፣ ጉበትና ጣፊያ በርካሽ አመጣልሃለሁ ብሎኛል። ሥጋው ግን ኪሱ ላይ ይከብዳል። በቀን ስንት ልስጠው? አጥንትስ ይፈቀዳል? ካልሲየም የሚባለውን ልጨምርለት? ያሳደጋችሁ ሰዎች ንገሩኝ።

---

ሰንጋ ተራ | ጥር 14

እንኳን ደህና መጣህ ልጄ። እኔ ሪጅባክ ሳሳድግ ሁለተኛዬ ነው። ሁለቱም ጥሬ በልተው ነው ያደጉት፣ ስለዚህ የምነግርህ ከሠራሁት ነው።

ለአዋቂ ውሻ መነሻው ይሄ ነው፦ በቀን ከክብደቱ ከ2 እስከ 3 በመቶ። አርባ ኪሎ የሆነ ወንድ ከ800 ግራም እስከ 1.2 ኪሎ ማለት ነው። ጥሬ የሚያበሉ ሰዎች 80-10-10 የሚሉት አለ። ሰማንያው ሥጋ፣ አሥሩ የሚበላ አጥንት፣ አሥሩ የሆድ ዕቃ። ከዚያ ከአሥሩ ግማሹ ብቻ ጉበት ይሁን። ጉበት ቫይታሚን ኤ በጣም ይበዛበታል። ርካሽ ነው ብለህ በየቀኑ በሳህን ሙሉ ብትሰጠው እያደር ይጎዳዋል። ልብ ደግሞ ከሆድ ዕቃ ጋር ቢሸጥም የሚቆጠረው ከሥጋ ነው። ጨጓራም እንደዚያው።

ይሄ ሒሳብ ግን ለቡችላ አይሠራም። ቡችላ እያደገ ስለሆነ ከክብደቱ አንጻር ብዙ ይበላል። በኪሎ ሳይሆን በዓይንህና በእጅህ መዝነው። ጎድኑን ስትዳብስ አጥንቱ በቀላሉ እጅህ ላይ መምጣት አለበት፣ ከላይ ስታየው ወገቡ መለየት አለበት። ክብ ሆኖ የሚንከባለል ትልቅ ዘር ቡችላ ደስ ይላል፣ ለመገጣጠሚያው ግን ጠላት ነው። ስድስት ወር እስኪሞላው በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ።

ሥጋ ደግሞ የግድ ቁርጥ የሚበላበትን ቦታ አትግዛ። የሰፈርህን ሥጋ ቆራጭ ወዳጅ አድርገው። ቅንጥብጣቢውን፣ ጅማት የበዛበትን፣ የጭንቅላት ሥጋውን ይለይልሃል። ሰንጋ ተራ ላይ እኔ የምገዛበት ሰው «ለጌታው ነው ለውሻው?» ብሎ ነው የሚጠይቀኝ።

---

ተመልካች | ጥር 14

ይቅርታ ግን፣ አገር ውስጥ ሰው ሥጋ የሚቀምሰው ለፋሲካና ለገና በሆነበት ጊዜ በቀን አንድ ኪሎ ለውሻ? ኧረ እግዜርን ፍሩ።

---

ሰንጋ ተራ | ጥር 14

ተመልካች፣ ቅሬታህ ይገባኛል። ግን ሰው የማይገዛውን ነው የምገዛው። ማንቁርትና የላም ጡት ለክትፎ አይሆንም።

---

ሚሚ ዘ ልደታ | ጥር 14

እኔ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው ውሻ ያለኝ፣ ሪጅባክ ሳይሆን የሐበሻ ክልስ ነው ግን ትልቅ ነው 😅 ጥሬ ሞክሬ ሽታውና ዝንቡ አስመረረኝ። አሁን ቀቅዬ ከሩዝና ከካሮት ጋር ነው የምሰጠው። ፀጉሩ ያበራል፣ ሆዱም ሰላም ነው። ጥሬ ካልበላ አንበሳ አይሆንም ያላችሁ ማን ነው?

---

ሪጅ | ጥር 15

ሚሚ፣ የአንቺ ክልስ ሌላ ነው። ሪጅባክ እኮ አንበሳ አዳኝ ነው! ደቡብ አፍሪካና ሮዴዥያ (የዛሬዋ ዚምባብዌ) ውስጥ አንበሳ የሚያሳድድ ውሻ ነበር። ሥጋ በል ነው፣ ሩዝ የተፈጥሮው አይደለም። ጥሬ ሥጋና አጥንት ብቻ። ነጥብ።

---

ሰንጋ ተራ | ጥር 15

ሪጅ፣ የምንወደው ዘር ላይ ተረት አንጨምር። ጀርባው ላይ ፀጉር ወደ ኋላ የሚበቅለው ውሻ የደቡብ አፍሪካው የኮይኮይ ሕዝብ ውሻ ነበር። ከአውሮፓ ከመጡ ውሾች ጋር ተዳቀለ። ዘሩ ምን መምሰል እንዳለበት የሚገልጸው መለኪያ የተጻፈው በ1922 ሮዴዥያ ውስጥ ቡላዋዮ ላይ ነው፣ መነሻ ያደረጉትም የዳልሜሽያን ውሻን መለኪያ ነው። አንበሳውንም ከብቦ ጮሆ ያቆም ነበር እንጂ ገድሎ አይበላም። ገዳዩ ባለ ጠመንጃው ነው።

በ2013 የወጣ አንድ የዘረመል ጥናት ደግሞ አለ። ውሾች ከተኩላ ከተለዩ በኋላ ስታርች (እንደ ሩዝ ባለ እህል ውስጥ ያለውን) የሚፈጩበት ዘረመል ቁጥሩ በዝቶላቸዋል ይላል። ከሰው ጋር መኖር ሲጀምሩ ከሰው ማዕድ መብላት ለመዱ ማለት ነው። እኔ ጥሬ የምሰጠው ለእኔ ውሾች ስለተስማማቸውና ዋጋው ስለሚያዋጣኝ ነው። ሩዝ መርዝ ስለሆነ አይደለም።

---

ባለሙያ በግ | ጥር 15

እንደምን ናችሁ። የእንስሳት ሐኪም ነኝ። የምሠራው ከተማ ውስጥ ነው፣ አብዛኛው ታካሚዬ ውሻ ነው። ስሜን አትጠይቁኝ፣ ቅጽል ስሙን ተማሪ እያለን ጓደኞቼ ያወጡልኝ ነው።

የአራት ኪሎ ልጅ፣ ጥሬ ወይስ የበሰለ የሚለውን ትንሽ እናቆየው። አንተ የጻፍከው ላይ እኔን ያስደነገጠኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው «ሳንባና ጉበት ከቄራ በርካሽ» የሚለው። ሁለተኛው እህትህ።

በከብት፣ በበግና በፍየል ሳንባና ጉበት ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት የሚያወጣ ተውሳክ አለ። ኤኪኖኮከስ ይባላል። ከረጢቱ ሃይዳቲድ ነው። በአገራችን ቄራዎች ሥጋ መርማሪዎች ሁልጊዜ ያገኙታል። ብዙ ሳንባና ጉበት የሚወገደውም በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ አስበው፦ ከውስጥ በርካሽ የሚወጣ ሳንባ ለምን ረከሰ?

ውሻ ያንን ከረጢት ጥሬውን ሲበላ ትንንሽ ትሎች አንጀቱ ውስጥ ያድጋሉ። ርዝመታቸው ጥቂት ሚሊ ሜትር ስለሆነ ዓይነ ምድሩ ላይ በዓይንህ አታገኛቸውም። ውሻው አይታመምም፣ አይከሳም፣ ይጫወታል፣ ይበላል። እንቁላሉ ግን ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። ፀጉሩ ላይ ይቀራል፣ አፍንጫው ላይ ይቀራል። አቅፋው የምትውል ልጅ በእጇ ወደ አፏ ታደርሰዋለች። ሰው ላይ ሲሆን ከረጢቱ ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ቀስ እያለ ያድጋል፣ ለብዙ ዓመታት ምንም ላይሰማ ይችላል። ሲታወቅ ብዙ ጊዜ መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው።

እና ሳንባውን ተወው። ጉበት ካስፈለገህ ማኅተም ያለው ሥጋ ከሚሸጥ ሥጋ ቤት ግዛ፣ ቀቅለህ ስጠው። የበግ ጭንቅላትም ጥሬውን አትስጥ። በግ ራሷን አዘንብላ የምትሽከረከርበት «አዙሪት» የሚባለው በሽታ የሚመጣው ከውሻ ትል ነው። ውሻው ደግሞ የሚይዘው የታመመችውን በግ አንጎል በልቶ ነው።

---

ሪጅ | ጥር 15

ዶክተር፣ በአክብሮት ልከራከርዎት። እኛ ራሳችን ቁርጥ እንበላ የለ? ክትፎ ለብለብ እንኳን ሳይል? ኮሶ ሲይዘን መድኃኒት ጠጥተን እንገላገላለን። ውሻ ከእኛ ይበልጣል?

---

ባለሙያ በግ | ጥር 15

ጥሩ ጥያቄ ነው ሪጅ፣ ሰው ሁሉ የሚቀላቅለው ይሄንን ነው።

የእኛ ኮሶ የሚመጣው ከከብት ሥጋ ነው፣ ከቀዩ ሥጋ። ትሉ የሚያድገው ሰው አንጀት ውስጥ ብቻ ነው። ውሻ ያንኑ ሥጋ ቢበላ ኮሶ አይይዘውም። ስለዚህ ለዳሽን ንጹሕ ቀይ ሥጋ ጥሬውን መስጠት በትል በኩል ያን ያህል አያሳስበኝም። የሃይዳቲዱ መንገድ ሌላ ነው። ከሆድ ዕቃ ወደ ውሻ፣ ከውሻ ወደ ሰው። አንተ ቁርጥ በልተህ የሚይዝህን ታውቀዋለህ፣ ኮሶው ራሱ ይነግርሃል። ይሄኛው ግን በልቶ ያመጣው ውሻው ነው፣ የምትታመመው ልጅቷ ናት። ሥጋውን ባፏ ያልዞረች ልጅ።

ሥጋውም ቢሆን ከሳልሞኔላ ነፃ ነው አላልኩም። ውሻ ሳይታመም ባክቴሪያውን ሊያወጣ ይችላል። ቤት ውስጥ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር፣ አረጋዊ ወይም መድኃኒት ላይ ያለ ሰው ካለ እኔ የምመርጠው መቀቀል ነው። ሳህኑን በሙቅ ውኃና ሳሙና፣ ሥጋ የሚቆረጥበትን መክተፊያ ከሰላጣ መክተፊያ ለይቶ። በረኪና ለባክቴሪያው ይጠቅማል። የኤኪኖኮከስን እንቁላል ግን በረኪና አይገድለውም፣ ሙቀት ነው የሚገድለው።

---

የአራት ኪሎ ልጅ | ጥር 15

ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ልጁን ዛሬውኑ ደውዬ ሳንባው ይቅር ብዬዋለሁ። «የፈረንጅ ውሻ አበላሽቶሃል» ብሎ ሳቀብኝ።

ማቀዝቀዝስ? ፍሪዘር ውስጥ ቢቆይ አይሞትም?

---

ባለሙያ በግ | ጥር 15

ይሞታል፣ ፍሪዘሩ ፍሪዘር ከሆነ። ከዜሮ በታች ከ17 እስከ 20 ዲግሪ ላይ ቢያንስ አንድ ሳምንት። እኔ ለሰው ስናገር አሥር ቀን እላለሁ፣ ምክንያቱም ወፍራም ሥጋ መሐሉ እስኪቀዘቅዝ ጊዜ ይወስዳል። በስስ በስሱ እየከፈላችሁ በፌስታል አስቀምጡት። ፍሪጅ ላይኛው ክፍል ያለችው ትንሿ በረዶ ቤት ግን እዚያ መድረሷን ያለ ቴርሞሜትር አትመኑ። መብራት ሄዶ ከቀለጠና እንደገና ከቀዘቀዘ ደግሞ ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል። ሳልሞኔላ በቅዝቃዜ አይሞትም፣ እንቅልፍ ነው የሚወስደው።

ያልቀዘቀዘ ጥሬ የሆድ ዕቃ የሚበላ ውሻ በየስድስት ሳምንቱ የኮሶ መድኃኒት ይውሰድ። ትሉ እንቁላል ለመጣል ስድስት ሰባት ሳምንት ስለሚፈልግ ነው። ሳጥኑ ላይ ፕራዚኳንቴል የሚል ይፈልጉ። እሱ የሌለበት የትል መድኃኒት ለዚህ ትል አይሆንም። ለልጆች የተገዛውን እንክብል ከፍሎ መስጠት አሁንም ስለማይ ነው የምናገረው።

---

ሚሚ ዘ ልደታ | ጥር 15

መብራት ሄዶ ከቀለጠ ያሉት ላይ ሳቅኩ፣ ግን ሳቄ የምሬት ነው። ባለፈው በዓል ማግስት ሕንፃው ሙሉ ጠፍቶ ያጠራቀምኩት ሁሉ ተበላሸ። ለዚህ ነው የምቀቅለው ሰዎች። የተቀቀለ ሥጋ ጎረቤት ጋዝ ምድጃ ላይም ይድናል።

---

ቡሌ | ጥር 16

ስለ ካልሲየም ማንም አልመለሰለትም። እኔ ጀርመን ሼፐርድ ነው ያለኝ። ጆሮው እንዲቆም ካልሲየም ሽሮፕ ሰጥቼው ነበር። ሰፈር ውስጥ ያለ ሁሉ የሚያደርገው ነው። ለሪጅባክ ጆሮ መቆም ስለማያስፈልገው ለአጥንቱ ብለህ ስጠው።

---

ባለሙያ በግ | ጥር 16

ቡሌ፣ ወንድሜ፣ ይሄ ጉዳይ በየሳምንቱ ጠረጴዛዬ ላይ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ትንሽ ልጻፍበት።

ትልቅ ዘር ቡችላ ካልሲየምን እንደ አዋቂ ውሻ መቆጣጠር አይችልም። አዋቂው የሚበቃውን ወስዶ ሌላውን ያስወጣዋል። ቡችላ፣ በተለይ እስከ ስድስት ወሩ ድረስ፣ የሰጠኸውን አብዛኛውን ወደ ሰውነቱ ያስገባዋል። ኔዘርላንድ ኡትሬክት ውስጥ በግሬት ዴን ቡችላዎች ላይ የተሠራው ምርምር ይሄንን በደንብ አሳይቷል። ካልሲየም የበዛባቸው ቡችላዎች አጥንታቸው ተጣመመ፣ መገጣጠሚያቸው ተጎዳ። ለዚህ ነው በአሜሪካ የውሻ ምግብ መለኪያ ላይ፣ ሲያድግ 32 ኪሎና ከዚያ በላይ ለሚሆን ቡችላ የካልሲየም ጣሪያው ውኃው ሳይቆጠር ከምግቡ 1.8 በመቶ የሆነው። ሪጅባክ ይሄ ውስጥ ይገባል። የዘሩ ዓለም አቀፍ መለኪያ ለወንዱ 36.5 ኪሎ፣ ለሴቷ 32 ኪሎ ነው የሚለው።

በተቃራኒው ደግሞ ያለ አጥንት ሥጋ ብቻ የሚበላ ቡችላ አለ። ሥጋ ውስጥ ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ አሥራ አምስት ሃያ እጥፍ ይበልጣል። ሰውነቱ ካልሲየም ሲያጣ ከራሱ አጥንት ይበደራል። ያኔ ቡችላው ይቀጥናል ማለት አይደለም፣ ደስ ብሎት ይበላል፣ ሥጋም ይለብሳል። አንድ ቀን ከሶፋ ሲወርድ እግሩ ይሰበራል። ራጅ ሲነሣ አጥንቱ እንደ ወረቀት ሳስቶ ታያለህ። «ምርጥ ሥጋ ብቻ ነው የምሰጠው» የሚሉ ሰዎች ናቸው ይሄንን ይዘው የሚመጡት። ብዙ ያወጡ፣ የለፉ ሰዎች። ስነግራቸው ያዝናሉ።

ስለዚህ ሽሮፕ አይደለም መልሱ፣ ሚዛን ነው። በካልሲየምና በፎስፈረስ መካከል ያለው ጥምርታ 1.2 ለ1 አካባቢ እንዲሆን ነው የምንፈልገው። ይሄ በአጥንት ይመጣል፣ ወይም በሐኪም በተሰላ ዱቄት።

---

ቡሌ | ጥር 16

ዶክተር፣ የእንቁላል ቅርፊት ፈጭቶ መስጠትስ? አክስቴ ዶሮዎቿን እንደዚያ ነው የምታደርገው።

---

ባለሙያ በግ | ጥር 16

ለአዋቂ ውሻ ይሆናል። የአንድ እንቁላል ቅርፊት ታጥቦ፣ ደርቆ፣ እንደ ዱቄት ከተፈጨ ወደ ሁለት ግራም ካልሲየም ይወጣዋል። አጥንት ለማይበላ አርባ ኪሎ ለሚሆን ውሻ በቀን አንዱ ይቀራረባል። ለቡችላ ግን በግምት አይደረግም። ቡችላ ፎስፈረሱንም ይፈልጋል፣ ቅርፊት ውስጥ ደግሞ የለም።

---

ሰንጋ ተራ | ጥር 16

አጥንት ላይ እኔ ልጨምር። የምሰጠው የዶሮ አንገት፣ የዶሮ ክንፍ፣ የፍየል ጎድን ነው። ሁሉም ጥሬ። የበሰለ አጥንት በፍጹም። ዶሮ ወጥ ውስጥ የነበረ አጥንት ሲሰበር እንደ ስንጥር ይሾላል፣ አንጀት ይቀዳል። በበዓል ማግስት እንግዳ ሁሉ ለውሻው አጥንት ሲወረውር ቆሜ ነው የማባርረው።

የበሬ ቅልጥም ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሰው «ይጫወትበት» ብሎ ይሰጣል። ጥርሱን ሰንጥቆ ያስወጣዋል። የኋላውን ትልቁን የላይኛ ጥርስ ነው የሚጎዳው። በጥፍርህ ብትጫነው ምንም የማይል አጥንት ለጥርስም ከባድ ነው።

ዓይነ ምድሩን ተመልከት። ነጭና እንደ ኖራ ደረቅ ከሆነ አጥንቱ በዝቷል። ጥቁርና ቀጭን ከሆነ የሆድ ዕቃው በዝቷል።

---

ሚሚ ዘ ልደታ | ጥር 16

ትራፊ የሚለውን አባትህን ደግሞ በዚህ ያዘው፦ ሽንኩርት! የእኛ ወጥ ምኑ ነው ሽንኩርት ያልሆነው? ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ጥሬም ይሁን የተቁላላ ልዩነት የለውም። ድሮ ከዓመት ዓመት ትራፊ የበሉት ውሾች አልሞቱም ይሉሃል። እንዴት እንደሞቱ ማን መረመረ?

---

ባለሙያ በግ | ጥር 16

ሚሚ ልክ ናት። ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት በቂ ጉዳት ያደርሳል። ሃያ ኪሎ ለሚሆን ቡችላ አንድ ደህና ሳህን ዶሮ ወጥ ማለት ነው። ምልክቱ ወዲያው አይመጣም። ከቀናት በኋላ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ ይደክማል። እንጀራው ራሱ ግን አይጎዳም። ያለ ወጥ ትንሽ እንጀራ ቢቀምስ አባትህን አትቆጣቸው።

---

የአራት ኪሎ ልጅ | ጥር 17

አባቴ አነበበው። «ታዲያ ያኔ ሳምባ የሚባለው ውሻችን በዶሮ ወጥ ነው የሞተው?» አለኝ። ምን ልበለው።

እሺ፣ የገባኝን ልንገራችሁ። ጥሬ ቀይ ሥጋ፣ ልብ፣ የዶሮ አንገት። ጉበት ትንሽ፣ ተቀቅሎ። ሳንባ የለም። ካልሲየም ሽሮፕ የለም። ቡችላው እያደገ ስለሆነ ምግቡን አስልተው እንዲያስተካክሉልኝ ዶክተር ጋ መምጣት። ቀረ ያላችሁት አለ?

አንድ ነገር ግን አልተፈታም። ጾሙ የካቲት 9 ነው የሚገባው። ሃምሳ አምስት ቀን። እናቴ ሐሳቧን አልቀየረችም።

---

ሰንጋ ተራ | ጥር 17

እናትህ ትክክል ናቸው፣ ቤታቸው ነው። የራስህን ትንሽ ፍሪዘር ግቢ ውስጥ አስቀምጥ። ካልቻልክ ፍሪዘር ያለው የማይጾም ጎረቤት ፈልግ።

ሥጋ ቤቶቹ ይዘጋሉ፣ የሙስሊም ሥጋ ቤቶች ግን አይዘጉም። እኔ በጾም ከእነሱ ነው የምገዛው። ዘንድሮ ረመዳንም አብሮ ስለሚገባ አስቀድመህ ተነጋገር። ዋናውን ግን ከቅበላ በፊት ግዛ። የቅበላ ሳምንት ግን አይደለም! ያኔ ሥጋ ቆራጩ ለአንተ ቅንጥብጣቢ የሚለይበት ጊዜ የለውም፣ ሰልፉን ታውቀዋለህ። ከዚያ ቀደም ብለህ ውሰድ።

---

ሚሚ ዘ ልደታ | ጥር 17

በጾም ዓሣ አለ። ከዝዋይ የሚመጣው ቆሮሶ ተቀቅሎ አጥንቱ ሲወጣ ውሻዬ ያብዳል። ሰርዲን ደግሞ በርበሬ የሌለበት፣ በሳምንት አንዴ። ለፀጉሩ ነው።

---

ሪጅ | ጥር 17

ዓሣ የጾም ነው ትያለሽ እንዴ? 😂

---

ሚሚ ዘ ልደታ | ጥር 17

ለእሱ ነው ያልኩት። እሱ ንስሐ አባት የለውም።

---

ባለሙያ በግ | ጥር 17

የአራት ኪሎ ልጅ፣ ቀረ ወይ ብለሃል፣ አንድ ቀርቷል። ሪጅባክ ደረቱ ጥልቅ ነው። እንዲህ ያሉ ውሾች ሆዳቸው በጋዝ ተነፍቶ ሊጠመዘዝ ይችላል። ብዙ ምግብ በአንድ ጊዜ አትስጠው፣ በልቶ ወዲያው አታሩጠው። ሳህን ከፍ ባለ ነገር ላይ ማስቀመጥ ይጠቅማል ይባል ነበር። አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ጥናት ግን አደጋው የሚጨምር ሆኖ አግኝቶታል። መሬት ላይ ይብላ።

ሆዱ ተነፍቶ፣ ማስመለስ እየሞከረ ምንም ካልወጣው፣ ቁጭ ብድግ እያለ ካልተረጋጋ፣ «እስኪነጋ እንየው» አይባልም። በሰዓታት ውስጥ የሚገድል ነገር ነው። ሌሊት የሚሠራ ሐኪም ስልክ አሁኑኑ ያዝ፣ ያኔ መፈለግ አትጀምር።

---

ሪጅ | ጥር 17

ይሄንን አላውቅም ነበር። የእኔ ውሻ የሚበላው በርጩማ ላይ ተቀምጦለት ነው። ዛሬ አወርድለታለሁ።

ግን ጥሬ ላይ አልተረታሁም ዶክተር 😄

---

ባለሙያ በግ | ጥር 17

ልረታህም አልሞከርኩም። በየስድስት ሳምንቱ መድኃኒቱን ስጠው፣ ሳንባ አታቅርብለት፣ ከዚያ የወደድከውን አብላው።

---

ተመልካች | ጥር 19

እኔ እዚህ የገባሁት ለመናደድ ነበር። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። እኛ ግቢ አንድ ጠባቂ ውሻ አለ። ሪጅባክ ምናምን አይደለም፣ የሐበሻ ውሻ ነው። ጎን ያለው ሥጋ ቤት የሚጥለውን ሁሉ ነው የሚበላው፣ ሳንባም ጭምር። ልጆቼ ደግሞ እሱ ላይ ነው የሚጋልቡት። ያ መድኃኒት ለእሱም ይሠራል?

---

ባለሙያ በግ | ጥር 19

ይሠራል። ዘር አይለይም። የሚሰጠው በክብደቱ ልክ ስለሆነ መጀመሪያ መዝነው። ሚዛን ላይ አልቆም ካለ አቅፈኸው ቁም፣ ከዚያ የራስህን ኪሎ ቀንስ። መድኃኒቱን ከወሰደ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ሰንሰለት ላይ ይዋል፣ ዓይነ ምድሩን በአካፋ ሰብስባችሁ ጥልቅ አድርጋችሁ ቅበሩት፣ ልጆች አይንኩት። ትሉ ሲሞት እንቁላሉ አብሮት አይሞትም። ሥጋ ቤቱ ሰውዬ ሳንባውን ለውሻ ከመጣል ጉድጓድ ውስጥ እንዲቀብረው ንገረው፣ ሌላውም ውሻ እንዳይበላው። ልጆቹ ከጨዋታ በኋላ እጃቸውን ይታጠቡ።

ኪሎውን ካወቅክ እዚህ ጻፍልኝ፣ መጠኑን እነግርሃለሁ።

---

ተመልካች | ጥር 20

ከእኔ ጋር 94፣ እኔ ብቻዬን 71። ሁለት ጊዜ ነክሶኝ ነበር ማለት ይቻላል፣ ማቀፍ አልለመደም።

---

ባለሙያ በግ | ጥር 20

23 ኪሎ። በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ነው፣ ስለዚህ 115 ሚሊ ግራም ፕራዚኳንቴል። እንክብሉ ባለ 50 ከሆነ ሁለት ተኩል ስጠው፣ ትንሽ ቢበልጥ አይጎዳውም። ሥጋ ውስጥ ደብቅለት። የእብድ ውሻ ክትባት ወስዶ ካላወቀ ግን እሱን አስቀድም። ንክሻው ቆዳህን ከበጣ ደግሞ በሳሙናና በብዙ ውኃ እጠበው፣ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂድ።